ከሬዲዮው ጀርባ

ዳቦው ትኩስ ነበር። ባለእንቁላሏን ከሁሉ ነገር ይልቅ ያንገበገባት ትኩስነቱ ነው። አከራይዋ በወረቀት የተጠቀለለውን ዳቦ በሁለት እጃቸው እንደታቀፉ በሯ ላይ ቆመው፣ "ባለቤትሽ መጥቶ ነበር እኮ! 'አይቀስቅሷቸው፣ ይተኙ፤ ይሄን ብቻ ይስጡልኝ' ብሎኝ ሄደ። ወይ ትሕትና! እንዲህ ያለ ባል ደብቀሽ ነው 'ብቻዬን ነኝ' ስትይኝ የከረምሽው?" አሏት። ፊታቸው ላይ ክፋት የሚባል ነገር አልነበረም። የሰው ቤት ሲቃና ደስ የሚላቸው ሴትዮ ናቸው፤ ጥፋታቸው ይቺው ብቻ ናት። ባለእንቁላሏ "እግዜር ይስጥልኝ እትዬ" ብላ ተቀበለቻቸው፤ ሌላ ምን ትበል? በሩን ዘጋች፤ ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ቆማ አየችው። ትንሿ ልጇ አንድ እግር ካልሲ አድርጋ ሌላኛውን ከአልጋው ሥር እየፈለገች ነበርና ቀና ብላ "እማ፣ ዳቦ ማን ገዛ?" አለች። "እትዬ ናቸው" አለቻት። ከዳቦው ግን አልቆረሰችላትም። የትላንቱን ደረቅ ዳቦ በሻይ ነክራ አበላቻትና ተያይዘው ወጡ።

እዚህ ክፍል ከገቡ አርባ ሰባት ቀናቸው ነው። ቆጥራዋለች። ክፍሉ ለሁለት አልጋና ለአንድ ጠረጴዛ የሚበቃ ሲሆን መሐሉ ላይ መጋረጃ አለ፤ መስኮቱ የጎረቤት ግንብ ያያል፤ ውሃ የሚቀዳው ግቢ ውስጥ ካለው ቧንቧ፣ ያውም አከራይዋ በፈቀዱት ቀን ነው። ቢሆንም ወዳው ነበር። በዓሥር ወር ውስጥ ሦስተኛ ቤቷ ነው። ከልጇ አባት ተለይታ የወጣች ጊዜ የተከራየችው ቤት በሁለት ሳምንቱ ተገኘ፤ ሰውየው መጥቶ ፊት ለፊቷ ካለው ፀጉር ቤት ደጃፍ ቆመ። ምንም አላደረገም፤ መቆም ብቻ። ሰው ቆመ ተብሎ አይከሰስ ነገር! ሁለተኛውን ቤት በዘጠኝ ቀኑ አገኘው። ያን ጊዜ ግን በመቆም አላበቃም፤ ልጅቷን ከትምህርት ቤት በር ወስዶ ሲያዞራት ውሎ፣ አዲስ ጫማ አድርጎላት ማታ መለሳትና "በሚቀጥለው ግን አልመልሳትም" ብሎ ሄደ። ጮኾ አያውቅም። ይሄንንም ያላት በሹክሹክታ ነው። ስለዚህ ለሦስተኛው ቤት ተጠነቀቀች፤ የምትችለውን ሁሉ ተጠነቀቀች። የስልክ ቁጥሯን ቀየረች፤ ዘመናዊውን ስልክ ሸጣ ቁልፍ ያለውን፣ ፎቶ ከማንሳትና ከመደወል ሌላ ሙያ የሌለውን ገዛች። ዕቃዋን ሰው ሳታሳግዝ በራሷ መኪና፣ እሑድ ከሰዓት፣ በእንቁላል ትሪዎች መሐል እየደበቀች አመላለሰች። ልጅቷን "የት ነው የምትኖሪው ሲሉሽ አላውቅም በይ" ብላ አስተማረቻት፤ ልጅቷም ትምህርቱን ከመጠን በላይ ያዘችና መምህሯ "ልጅሽ ቤቷን አታውቅም፤ ችግር አለባት እንዴ?" ብላ ጠራቻት። ባለእንቁላሏ ቤቱን ለገዛ እናቷም አልነገረችም። በተለይ ለእናቷ አልነገረችም።

ይሄ ሁሉ ጥንቃቄ ታዲያ ዛሬ ሰኞ ጠዋት በአንድ ዳቦ ተደመደመ።

መኪናዋ ነጭ፣ አሮጌ፣ ጎኗ የተላጠ ትንሽ የዕቃ መኪና ናት። እንቁላል ከአርቢዎች ትረከብና በየሱቁ፣ በየኬክ ቤቱ፣ በየምግብ ቤቱ ታከፋፍልባታለች፤ ለዚህ ነው ደንበኞቿ ሁሉ ስሟን ትተው ባለእንቁላሏ የሚሏት። ሰኞ ሰኞ መኪናዋ አትነሳም። ከቤት ከወጣች ወዲህ እሑድን ስለማትነዳ ይሁን ወይ በሌላ፣ ሁለት ባትሪ ቀይራለች፤ ሁለተኛውን እንዲያውም ያገለገለ ገዝታ ተሞኘሁ ብላ ራሷን ስትረግም ከርማለች። ዛሬም ቁልፉን ብታዞር ብታዞር ድምፅ የለም። የጎረቤት ሰዎች ገፉላት። አከራይዋ ከበራቸው ሆነው "ባልሽ ትንሽ ቢቆይ ኖሮ ይገፋልሽ ነበር!" አሏት። ባለእንቁላሏ አልሰማችም ለማለት ሬዲዮውን ከፈተች።

ልጅቷን ትምህርት ቤት አድርሳ በር ላይ ለሚቆመው ጥበቃ ሁለቴ፣ ለመምህሯ ሦስቴ ነገረቻቸው፤ "ከእኔ በቀር ማንም ቢመጣ፣ አባቷም ቢሆን፣ እንዳትሰጡ።" መምህሯ ደክሟት ስለነበር "እሺ፣ እሺ" አለች። ከዚያ እንቁላሏን ይዛ በየበሩ መዞር ጀመረች። እጇ ትሪ ያነሳል፣ ይቆጥራል፣ ያስረክባል፤ ልቧ ግን አንዲት ጥያቄ ላይ ተቸክሏል። ማን ነገረው? ሁለተኛውን ቤት ከእናቷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ስለዚህ የነገረችው እናቷ ናት። ይሄን ለሦስት ወር እናቷን ፊት ለፊት እያየች ተናግራዋለች። እናቷ ለሦስት ወር "አልነገርኩም ልጄ፤ ቢሰቅሉኝስ እነግረዋለሁ?" አለች። ነገሩ እየከረረ፣ መጠያየቁም እየቀረ ሲሄድ አጎቷ ሁለቱን ቤታቸው ጠርተው አስቀመጡ። እናቷ ሻዩ ሳይቀዳ በፊት፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ አንገቷን ደፍታ "እኔ ነኝ የነገርኩት። ደውሎ ልጄ ናፈቀችኝ ብሎ አለቀሰብኝ፤ አንጀቴ አልችል አለ። ይቅር በይኝ" አለች። አጎቷ "ተመስገን! ጥፋትን ማመን ትልቅ ነገር ነው" አሉ። ባለእንቁላሏ ይቅር አለቻት። ይቅር አለቻት ማለት እንግዲህ፣ በየወሩ እናቷ የደም ግፊት መድኃኒቷን የምትወስድበት ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ግማሽ ሰዓት አብራት ትቀመጣለች፤ ልጅቷን ታሳያታለች፤ "የት ገባችሁ?" ብላ እንዳትጠይቅ ግን ፊቷን ታጠቁርባታለች። እናቷም ጠይቃ አታውቅም።

ታዲያ ያሁኑን ማን ነገረው? እናቷ የማታውቀውን አትነግር።

ኬክ ቤት ስትደርስ ባለቤቲቱ ክንዷ ድረስ ዱቄት ሆና ወጣችና ትሪዎቹን እየተቀበለች አየቻት። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ነገር የማይገርማት ሴት ናት፤ ሁለት ባል ፈትታ ሦስተኛው ሊያገባኝ ነው ብላ የምትስቅ። "ምነው? እንቁላሉ ተሰበረ ወይስ አንቺ?" አለቻት። ባለእንቁላሏ የዳቦውን ነገር ነገረቻት። ሳቂታዋ አልሳቀችም። "ከጀርባ ያለው ክፍል ባዶ ነው" አለች፤ "የስኳር ጆንያ አለበት፤ ጆንያውን ትገፊዋለሽ። በፈለግሽ ሰዓት ነይ፤ ማንንም አስፈቅጂ አልልሽም።" ባለእንቁላሏ "እግዜር ይስጥልኝ፤ ግን እዚያም ይመጣል" ብላ ወጣች። መኪናዋ እንደገና አልነሳ አለች። የኬክ ቤቱ ሠራተኞች በነጭ ጋዋናቸው ወጥተው ገፉላት።

እንዲህ ሆኖ አይቀጥልም ብላ ነው እንግዲህ ሽቦ ጋ የሄደችው። ሽቦ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠሪ ነው፤ ቅጽል ስሙ ከሥራው ይምጣ ከሰውነቱ ቅጥነት የሚያውቅ የለም። ጋራዡ ሁለት ግንብ መሐል የተወጠረ ሸራ ነው፤ ከአሮጌ አውቶቡስ የተነቀለ ወንበር ለደንበኛ መቀመጫ ተደርጓል፤ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠሉት ሽቦዎች በቀለም በቀለማቸው ተለይተዋል። ሽቦ ብሎን አፉ ውስጥ ይዞ ነው የሚያወራው፤ የለመደ ብቻ ይረዳዋል። "ባትሪሽ ምንም አልሆነም" አላት ለክቶ። "ያገለገለ ነው እንጂ ይይዛል።" ከዚያ ቁልፉን ነቀለ፤ በሮቹን ዘጋ፤ መለኪያውን ባትሪው ላይ አገናኝቶ ቁጥሩን እያየ ቆመ። "ቁልፍ የለ፤ መብራት የለ፤ በር ዝግ። ታዲያ ባትሪውን ማነው የሚበላው? መኪናሽ ተኝታም ትበላለች እኮ!" እያለ ፊውዞቹን አንድ በአንድ መንቀል ጀመረ። አንዱን ነቀለ፣ ቁጥሩ አልወረደም፤ መለሰው። ሌላ ነቀለ፣ አልወረደም፤ መለሰው። ባለእንቁላሏ የአውቶቡሱ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስለ ቤት ኪራይ ታስባለች፤ ከዚህ ቤት ብትወጣ የት እንደምትገባ፣ የትኛው አከራይ ልጅ ያላትን ብቸኛ ሴት እንደሚቀበል። ዓሥራ አንደኛው ፊውዝ ላይ ሽቦ "ሃ!" አለ።

"ሬዲዮው ነው። ይሄን ሬዲዮ ማን ገጠመልሽ?"

"የልጄ አባት ነው ያስገጠመው። የልደቴ ቀን።"

ሁለት ዓመት ሆኖታል። ስጦታ የሚባል ነገር ከእጁ ወጥቶ አያውቅም ነበርና፣ ያን ቀን መኪናዋን ከጠዋት እስከ ማታ ወስዶባት፣ ማታ መኪናዋ ሰማያዊ መብራት ያለው ሬዲዮ ይዛ ስትመለስ፣ ባለእንቁላሏ ለጎረቤት ሁሉ አሳይታለች። ከቤት የወጣች ጊዜ ጨክና ካልተወቻቸው ነገሮች አንዱ ሬዲዮው ነው። ብዙ ነገር ጠልታ ወጥታለች፤ እሱን ግን አልጠላችውም። ሽቦ በካቻቪቴ ጠርዙን ፈልቅቆ ሬዲዮውን ወደ ራሱ ሳበው፤ እጁን እስከ ክርኑ ዳሽቦርዱ ውስጥ ከተተ፤ ዳበሰ። ፊቱ ሲለወጥ አየችው። አፉ ውስጥ የነበረውን ብሎን አውጥቶ ኪሱ ከተተው፤ ስታውቀው ዓመት አልፏታል፣ ሥራ ላይ ሆኖ ብሎኑን ሲያወጣ ግን አይታ አታውቅም። "ነይ እዪው" አላት። የእጅ ባትሪ አበራላት። ከሬዲዮው ጀርባ፣ በጥቁር ናስትሮ የተጠቀለለ፣ የክብሪት ቀፎ የሚያህል ሳጥን አለ። ትንሽ ቀይ መብራት ብልጭ ትላለች፤ ታርፋለች፤ ብልጭ ትላለች።

"ምንድን ነው?" አለች፤ ቢገባትም።

"መከታተያ ነው። ውስጡ ሲም ካርድ አለ። መኪናዋ የቆመችበትን፣ የሄደችበትን፣ ስንት ሰዓት እንደቆየች፣ ሰውየው ቤቱ ተቀምጦ በስልኩ ያያል። አቧራውን እዪ፤ ከተገጠመ ወዲህ የሰው እጅ አልነካውም። ቤት ብትቀይሪ ምን ዋጋ አለው እህቴ? ይዘሽው ነው የምትሄጂው።" የእጅ ባትሪውን አጠፋና "ጥሩ ባትሪ ገዝተሽ ቢሆን ኖሮ አይታወቅሽም ነበር፤ የሚስበው ትንሽ ነው። ባትሪሽ በማርጀቱ ነው ያወቅሽው" አለ።

"እናቴ" አለች ባለእንቁላሏ።

"ምን አልሽ?"

"ምንም።"

የአውቶቡሱ ወንበር ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። መጀመሪያ የመጣባት ሰውየው አይደለም። ከመጀመሪያው ሌሊት ጀምሮ፣ አርባ ሰባቱንም ቀን፣ የት እንደምትተኛ እያወቀ፣ እንቅልፍ እስክትለምድ ድረስ ጠብቆ ዳቦ ይዞ መምጣቱ ቆይቶ ነው የገባት። መጀመሪያ የመጣባት የእናቷ አንገት ነው። አጎቷ ቤት ደፍታው የነበረው አንገት። ያልሠራችውን ሠራሁ ብላ፣ ደውሎ አለቀሰ ብላ፣ አንጀቴ አልችል አለ ብላ፣ ይሄን ሁሉ ከየት አመጣችው? ባለእንቁላሏ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆየች። ሽቦ ሰው ሲያለቅስ ማየት ስለማይወድ መኪናዋ ሥር ገብቶ ተኛ። ከመኪናዋ ሥር ሆኖም ማውራቱን አላቆመም። በማግኔት የሚለጠፍም አለ እያለ የፊትና የኋላውን መከላከያ ብረት ከውስጥ በኩል ዳበሰ፤ ከየጎማው በላይ ያሉትን ፓራፋንጎዎች አንድ በአንድ በእጁ አየ፤ ወንበሮቹን ገልብጦ ከሥራቸው ፈለገ፤ ከመሪው ሥር የኮምፒውተር መሰኪያው ላይ የተሰካ ነገር እንዳለ ተመለከተ፤ ትርፍ ጎማውን ሳይቀር አወረደ። ሌላ የለም። ልትነቅለው እጇን ስትሰድ ግን ያዛት። "እንዳትነቅዪው! የነቀልሽው ደቂቃ ስልኩ ላይ ይነግረዋል። ያኔ የት እንደነበርሽ የመጨረሻውን ያውቃል፤ ሌላ ተንኮልም ያስባል። መጀመሪያ ፎቶ አንሺ። እንደተገጠመ ለፖሊስ አሳዪ። መጥፋት ያለበት አንቺ ስትዘጋጂ ነው።" ፎቶውን በዚያች ሙያ በሌላት ስልኳ እሱ አነሳላት። ሬዲዮውን መልሶ ገጠመው፤ ከራሱ ባትሪ አገናኝቶም መኪናዋን አስነሳላት። ሒሳብ ስትለው "ሂጂ ከዚህ" አላት።

ፖሊስ ጣቢያ አንድ ሰዓት ተኩል ጠበቀች። ጠረጴዛው ጋ ያለው ሰው ፎቶውን አጥብቦ አስፍቶ አየና "ባልሽ ነው?" አላት። "ነበር።" "ፍቺው አልቋል?" "አላለቀም።" "መኪናዋ በማን ስም ናት?" "በኔ።" ያቺን ሲሰማ ትንሽ ተቃና፤ መዝገብ አውጥቶ ጻፈ። "መትቶሻል?" "አልመታኝም።" እስክሪብቶው ቆመ። መትቶሽ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀል ነበር እንደማለት አያት፤ ክፉ ሰው አይመስልም፤ ከጀርባው እስከ ኮርኒስ የተቆለለ መዝገብ አለ። ባለሙያው ሐሙስ ይገባል፣ መኪናዋን ሐሙስ ጠዋት ይዘሽ ነይ፣ እስከዚያ እንዳይነካ፤ አላት። ሐሙስ ማለት ሦስት ሌሊት ነው።

ከዚያ ሳታስበው መሪው ወደ እናቷ ሰፈር ዞረ። አራት ወር ሙሉ እግሯ ያልረገጠው ሰፈር ነው። የመኪናዋን ድምፅ ገና ከመታጠፊያው ለይታ ሳይሆን አይቀርም፣ እናቷ የግቢውን በር ገርበብ አድርጋ ቆማ ነበር። ባለእንቁላሏን አላየቻትም፤ በሷ አልፋ የጎን ወንበሩን ነው ያየችው። ባዶ ነው። ፊቷ ዓመድ መሰለ።

"ልጅቷስ?"

"ትምህርት ቤት ናት እማዬ። ደህና ናት።"

ቤቱ እንዳለ ነው። እናቷ ዕድሜዋን ሙሉ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የሰፋችበት የልብስ ስፌት መኪና መስኮቱ ሥር፤ አንድ እጅጌው ብቻ የተሰፋ ሰማያዊ ሸሚዝ ላዩ ላይ ተጋድሞ። ከግድግዳው ጥግ የልጅቷ ትንሽ አልጋ ተነጥፎ፣ ትራሱ ተራግፎ፤ ማንም ሳይተኛበት በየቀኑ እንደሚነጠፍ ያስታውቃል። ባለእንቁላሏ ያንን ላለማየት ወደ መስኮቱ ዞራ ተቀመጠች። ስልኳን አውጥታ ፎቶውን ለእናቷ ሰጠቻት። እናቷ መነጽሯን አድርጋ፣ ስልኩን አርቃ አቅርባ አየችው። ባለእንቁላሏ ነገሩን እንደ ሽቦ አድርጋ ነገረቻት፤ ሬዲዮውን፣ ሲም ካርዱን፣ አቧራውን። እናቷ እስከ መጨረሻው ሳታቋርጥ ሰማች። ከዚያ ስልኩን መለሰችላትና ሸሚዙን አንስታ መርፌዋን ፈለገች።

"እና ይሄ ነው የነገረው?"

"ይሄ ነው።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከመጀመሪያው።"

እናቷ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። ባለእንቁላሏ ትጮህብኛለች ብላ ጠበቀች። ብትጮህ በወደደች። ጎረቤት እስኪሰማ ብትሰድባት፣ የሸሚዙን መስቀያ አንስታ ብትወረውርባት እንኳ ይሻላት ነበር። እናቷ ግን የሸሚዙን እጅጌ ገልብጣ ስፌቱን አየች።

"እማዬ፣ ሳትነግሪው ለምን ነገርኩ አልሽ?"

"ሦስት ወር አልነገርኩም ስልሽ ከረምኩ" አለች እናቷ፤ ድምፅዋ የደከመ ነው እንጂ የተቆጣ አይደለም። "አልነገርኩም ባልኩሽ ቁጥር ራቅሽ። መጀመሪያ ማደር ተውሽ፤ ከዚያ መብላት ተውሽ፤ ከዚያ በር ላይ ቆመሽ መሄድ ሆነ። ነገርኩ ባልኩሽ ቀን ቁጭ ብለሽ ሻይ ጠጣሽ። እውነቱ ምን ያደርግልኛል ታዲያ?"

እናቷ መርፌውን ሸሚዙ ላይ ሰካችና መነጽሯን አወለቀች።

"አንድ ነገር ብቻ ነው የገረመኝ። ደውሎ አለቀሰ ስልሽ፣ ይቺማ ትታወቅብኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር። ያ ሰው መቼ አልቅሶ ያውቃል? የገዛ እናቱን ሲቀብር ያላለቀሰ! ስምንት ዓመት አብረሽው ኖረሻል። እንዴት አመንሽኝ?"

ባለእንቁላሏ አልቅሶ እንደማያውቅ ያን ቀንም ታውቅ ነበር። ያመነችው መቆጣት ስለደከማት ነው። አንድ ጥፋተኛ ተገኝቶ ነገሩ እንዲያበቃላት ስለፈለገች ነው። ይሄን ግን ለእናቷ መንገሩን ተወችና ከወንበሩ ወርዳ እናቷ እግር ሥር ተቀመጠች፤ ግንባሯን ጉልበቷ ላይ አሳረፈች። "ይቅር በይኝ እማዬ። ይቅር በይኝ።" እናቷ እጇን ጭንቅላቷ ላይ አደረገች። እጁ ክር ክር፣ ሳሙና ሳሙና ይላል። አላለቀሱም፤ ሁለቱም ደክሟቸዋል። ባለእንቁላሏ ቀና ብላ "ስልክሽ ለምን አይሠራም? ባለፈው ወር የጤና ጣቢያውን ቀጠሮ ላስታውስሽ ብደውል ዝግ ነው" አለቻት። እናቷ የስፌት መኪናውን መሳቢያ ሳበች። ከአዝራሮችና ከባዶ የክር ጥቅልሎች መሐል ስልኩ ተኝቷል። "አጎትሽ ቤት ከታረቅን ማግስት ነው የዘጋሁት። ስልክ ካለኝ ደግሞ ትጠረጥሪኛለሽ ብዬ። ሰዉ ኮራች ብሎ አምቶኝ ሞተ!" ስትል ሳቅ አመለጣት። ባለእንቁላሏ ግን ስልኩን ይዛ ቻርጀር ስትፈልግ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ሶኬቱ ሁለት ሆኖ ይታያት ነበር።

መኪናዋ እዚህ ትቅር ያለችው እናቷ ናት። "እስከ ሐሙስ እዚህ ትቁም። እኔ ጋ ገባች ብሎ ይይ በስልኩ። መጥቶ በሬ ላይ ይቁም፤ እኔን ምን ያደርገኛል? ዳቦም ካመጣ እበላለሁ።" ባለእንቁላሏ "እንዴት ብቻሽን?" ስትላት እናቷ ተቆጣች፤ ከመጣች ወዲህ የተቆጣችው ይሄን ጊዜ ብቻ ነው። "ብቻዬን ስኖር አራት ወር ሆነኝ አይደል? አሁን እንዲያውም መኪና አለኝ።" ከዚያ ተነስታ የግቢውን በር ሁለቱንም ክንፍ ከፈተች፤ የልብስ መስጫውን ገመድ ፈታች፤ "ወደ ግራ፣ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ኋላ፣ በቃ!" እያለች ራሷ አስገባቻት። ባለእንቁላሏ እስክትሄድ ድረስ ሬዲዮውን አልዘጋችውም፤ እናቷ "አንድ የሚያወራ ነገር ቤት ውስጥ ይኑር" ስላለች። የቀሩትን ትሪዎች አውርዳ ወጥ ቤት ደረደረችላት። ለደንበኞች በታክሲ አመላልሳለሁ አለች፤ እንቁላል በታክሲ ማመላለስ ምን ማለት እንደሆነ እናቷም ታውቃለች።

ትምህርት ቤት ሊለቀቅ ሃምሳ ደቂቃ ቀርቶታል። ባለእንቁላሏ የእናቷን ስልክ ሞልቶ እንደበራ አየችና አዲሱን ቁጥሯን በእጇ መዘገበችላት። እናቷ እስከ ግቢው በር ድረስ ሸኘቻት። በሩ ላይ ባለእንቁላሏ ዞረችና "ዛሬ የምናድረው…" ብላ ጀመረች።

"አትንገሪኝ" አለች እናቷ።

"እማዬ! ተይ እንጂ።"

"አትንገሪኝ አልኩሽ። ነገ ደግሞ በሌላ ነገር ያገኝሻል፤ እሱ እንደሆነ ሥራ የለውም። ያን ጊዜ ዓይንሽ መጀመሪያ ወዴት እንደሚዞር አውቃለሁ። ሳትፈልጊም ይዞራል። ሳላውቅ ይሻለኛል ልጄ።"

ባለእንቁላሏ የእናቷን ክንድ ያዘች። ኬክ ቤቱን ነገረቻት፤ ከየትኛው ፋርማሲ አጠገብ እንደሆነ፣ ባለቤቲቱ ምን እንደምትመስል፣ በየትኛው የጓሮ በር እንደሚገባ፣ የስኳር ጆንያው ተገፍቶ የልጅቷ ፍራሽ የት እንደሚነጠፍ። ሳታስቀር፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ አላፊ አግዳሚው እስኪያያት ነገረቻት። እናቷ ግን ገና ከመጀመሪያው ቃል ሁለት እጇን ጆሮዋ ላይ ጭና ዓይኗን ጨፍናለች። ባለእንቁላሏ ስትጨርስ እጆቿን ቀስ ብላ ከጆሮዋ አነሳችላት።

"ጨረስሽ?" አለች እናቷ ዓይኗን ሳትገልጥ።

"ጨረስኩ።"

"አልሰማሁም" አለች። "አየሽ አይደል? አልሰማሁም።"